በኅዳር ጭስ ያልነደደው ወረቀት

ልጅ እያለሁ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የምወደው ኅዳር አሥራ ሁለትን ነበር። ከእንቁጣጣሽም ከገናም አስበልጬ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ስለሆነ ከዚህ ልጀምር።

በእኔ ዘመን ናዝሬት ያደጋችሁ አትረሱትም። ሳምንት ሲቀረው ጀምረን የረገፈ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ቅርጫት፣ የደረቀ የበቆሎ አገዳ እናጠራቅማለን። በቀኑ ጠዋት በየደጁ ይለኮሳል፤ ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፤ እኛ ዓይናችን እያነባ እሳት እንዘላለን። ጎረቤታችን አባባ ወልዴ፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ለምን እንደሚጨስ በየዓመቱ ይነግሩን ነበር። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ፣ እርሳቸው ገና ልጅ ሳሉ፣ የኅዳር በሽታ ገባና ሰው በየቤቱ አለቀ። እናታቸውን የቀበሯት እርሳቸውና አንድ አጎታቸው ብቻ ነበሩ። «ቀባሪ ጠፋ፣ ልጆቼ» ይሉናል። «ይሄ ጭስ ያን በሽታ ማባረሪያ ነው።» ሰምተን ስናበቃ መልሰን እንዘላለን።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር አሥራ አንድ እሁድ ዋለ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ግርማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ጋሽዬ ነበር የምለው። የዚያን ቀን ባቡር ጣቢያ ወሰደኝ። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ሲቆም፣ የፍሬኑ ሽታ ሲሸተን፣ ሰው ብርቱካንና ሎሚ ይዞ ወደ መስኮቶቹ ሲሮጥ አየን። የወንጂ ሸንኮራ ገዛልኝና ለሁለት ሰብሮ ግማሹን «ይቺ ለነገ» ብሎ ያዛት። ስንመለስ መንገድ ቀየረ። ሁልጊዜ የምናልፈው በቀበሌው ደጅ ነበር።

«ለምን በዚህ እንሄዳለን?» አልኩት።

«ጥላ አለው።»

ጥላ አልነበረውም።

ቤት ስንደርስ ከአልጋው ስር አንድ ጥቅል ወረቀት አወጣ። በሲባጎ የታሰረ፣ እንደ ብሎኬት የከበደ።

«ነገ እሳቱን የምታነደው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄንንም ጨምርልኝ። እኔ ሳቃጥል ከታየሁ ይጠረጥራሉ። ልጅ ሲያቃጥል ግን ኅዳር ነው።» ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። «ስማኝ ማሙሽ፣ እንዳለ እንዳትጥለው። የታሰረ ወረቀት ዳሩ እንጂ መሀሉ አይነድም። አንድ አንዱን እየነጠልክ። እንዳታነበው። ለእማዬም እንዳትነግራት።»

«ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነዋ» አለና ሳቀ። ደስ ብሎት ሲስቅ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደዚያ አልነበረም።

በማግስቱ እማዬ ለሚካኤል ቅዳሴ ሄደች። እሳቱን ከደጃችን ለኮስኩ። ሲባጎውን ላላ አድርጌ ከላይ ሦስት አራት ወረቀት መዘዝኩና አንድ በአንድ ጨመርኩ። ጥቅልል እያሉ ነደዱ። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ያኔ ሽመልስ መጣ። ሽመልስ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከግርማ ጋር ኳስ ይጫወት፣ እኛ ቤት ምሳ ይበላ ነበር። በዚያ ዓመት አብዮት ጥበቃ ገብቶ ጠመንጃ አንግቷል። ጥቅሉ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ማሙሽ፣ እናንተ ቤት በሽታው በዛ እንዴ? ጭሳችሁ ከሰፈሩ ሁሉ በለጠ።»

«ቅጠሉ እርጥብ ስለሆነ ነው።»

«ወንድምህስ?»

«ተኝቷል።»

«ተማሪ ሆኖ እስካሁን? ይተኛ፣ ይተኛ» አለና እየሳቀ አለፈ።

ትንሽ ሄዶ ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ምናልባት አላየኝም ይሆናል። ጥቅሉን እንዳለ እሳቱ ውስጥ ጣልኩት፤ ቅጠል ከላዩ ደፋሁበት፤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

«ጨረስክ?» አለኝ ግርማ።

«ጨረስኩ።»

«አንድ አንዱን?»

«አንድ አንዱን።»

ራሴን ዳሰሰኝ። ጸጉሬ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

የናዝሬትን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምስት ሰዓት ገደማ ተነሣ። እኔ አባባ ወልዴ ደጅ ከልጆች ጋር ቆሜ ነበር። ነፋሱ የእኛን እሳት ገለጠው። ሲባጎው ነዶ ኖሮ ጥቅሉ ተበተነ፤ ዳራቸው የጠቆረ፣ መሀላቸው ነጭ የሆነ ወረቀቶች በአጥሩ ላይ ዘለው ሄዱ። ግርማ እንዳለው ነበር፤ መሀሉ አልነደደም። ሮጬ ሁለት ያዝኩና ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩ። አንዳንዱ የጎረቤት ቁልቋል ላይ ተሰካ። የቀረው ወደ ቀበሌው አቅጣጫ በረረ።

አሁን የምጽፈው ነው የሚከብደኝ። ተመልሼ ቤት ገባሁ። ግርማ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። ደራ የምትኖር አክስት አለችን። ብነግረው ኖሮ ከቀትር በፊት አውቶቡስ ይይዝ ነበር። አልነገርኩትም። መዋሸቴን እንዳያውቅብኝ ፈራሁ። በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት እሱን ነበር፣ የሚወደኝን ሰው።

ምሳ በልተን ሳንነሣ ሦስት ሆነው ገቡ። ሽመልስ በእጁ አንድ ዳሩ የተቃጠለ ወረቀት ይዟል። አሁን አይቀልድም።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ እዚህ ቤት እሳት ያነደደው ማነው?»

እማዬ ወደ እኔ አየች። እጄ ጥላሸት ነበር። ከኋላዬ ደበቅኩት።

«ወረቀቱን እኔ ነኝ» አለ ግርማ። «እሱ ቅጠል ነው ያቃጠለው።»

ተቀምጦ ጫማውን አደረገ፤ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አሰረ። እማዬ «ምን አጠፋ? ምን አድርጎ ነው?» ትላለች። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ሸንኮራዋ መደርደሪያው ላይ ናት። ብላት።»

ዋሸኸኝ አላለኝም።

እማዬ ስንቅ ስታመላልስ ቆየች። አንድ ቀን በእስር ቤቱ በር ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አሏት። ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። አባባ ወልዴ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ጊዜ የጠፋው ቀባሪ ነበር፤ አሁን ማልቀስም ተከለከለ» አሉ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ሸንኮራዋ መደርደሪያው ላይ ደረቀች።

ዛሬ አዳማ ያኔ የማናውቃት ከተማ ሆናለች። በሰፈራችን መንገድ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ የቁልቋሉ አጥር በብሎኬት ተተክቷል። ኅዳር አሥራ ሁለት ግን አሁንም እዚህም እዚያም ይጨሳል። ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ የአባባ ወልዴን ታሪክ እነግረዋለሁ፤ በሽታውን፣ የጠፋውን ቀባሪ። እዚያ ላይ አቆምና መስኮቱን እዘጋለሁ። በእኛ ዘመን ቀኑን ሙሉ በጭስ ውስጥ እንውል ነበር፤ አሁን ግን ትንሽ ሽታው እንኳ ቤቴ እንዲገባ አልፈቅድም።

ግርማን በወሰዱት ማግስት ያደረግኩትን ግን ለእማዬም ሳልነግራት ሞተች። ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። በአጥሮቹ ስር እየዞርኩ ነፋሱ የተዋቸውን ለቀምኩ፤ ከቁልቋሉ ላይ፣ ከቦዩ ውስጥ። እሾሁ እጄን ቧጠጠኝ። ሸሚዜ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ጨመርኩ። በደጃችን አመድ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ክብሪት ጫርኩ። ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ፣ ምንም ሳላነብ፣ ነጩ እስኪያልቅ እየጠበቅኩ አቃጠልኳቸው። አንድ አንዱን እየነጠልኩ።