ቁጥር ሃምሳ ሁለት

የመዝገብ ቤቱ ሹም «ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት መጽሐፍ ካላነበብኩ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ተነሣ። እያንዳንዱን መጽሐፍ እንዳይቆሽሽ በአሮጌ ጋዜጣ ይለብድና ጀርባው ላይ ቁጥር ይጽፍበታል። ሲጨርስ በደብተሩ ፍርዱን ያሰፍራል፤ ርዕሱን እንኳ አይጽፍም፣ ቁጥሩን ብቻ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ስለ አንዱ ከጠየቀችው መልሱ «አንቺ መርፌሽን ያዢ!» ነው።

እሷም መርፌዋን ይዛ በሆዷ ትስቅበታለች። ዶሮ እንኳ ጥሬ ስትለቅም ታማርጣለች፤ ይሄ ሰውዬ ገጽ ሲገልጥ ግን ያገኘውን መዋጥ ነው። እሱ አንብቦ የጣለውን ቁጥር አራትን እሷ ስፌት ሲሰለቻት እያነሣች፣ ሦስት ወር ሙሉ አጣጥማ ጨርሳዋለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በዚያው በቁጥር አራት ላይ አዲስ ጋዜጣ ደረበችና «ስጦታዬ ነው፣ መዝጊያ ይሁንህ» ብላ ሰጠችው። እሱም «52» ጻፈበትና በሁለት ቀን ጨረሰው። ጎረቤት ሰብስቦም ደብተሩን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ቁጥር ሃምሳ ሁለት፤ ወደር የለሽ! ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልገጠመኝም።»

ሚስቱ ደብተሩን ተቀብላ ወደ ፊተኛው ገጽ መለሰችው። «ቁጥር አራት፤ ተልካሻ። ወረቀት ማባከን ነው» ይላል። ከዚያ መቀሷን አንሥታ የመጽሐፉን የላይኛውን ጋዜጣ ቀደደችው። ከሥሩ በገዛ እጁ የተጻፈው «4» ብቅ አለ።

«ለመሆኑ» አለችው፣ ወደ መርፌዋ እየተመለሰች፣ «ያኔ ማን አነበበልህ?»