ሸንበቆ ብስክሌት ስትለካ

ታላቅ እህቴ ሃምሳ ዓመት ከሞላት በኋላ እንደ ልጅ ያበደችው በታጣፊ ብስክሌት ነው። አብሬያት የምኖር ታናሿ ስለሆንኩ እብደቱን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አይቼዋለሁ።

እህቴ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ኖራ፣ መቀሱ የተሰጣት ገና ባለፈው ዓመት ነው። እሷ ካልቆረጠች ሠላሳ ሰፊ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ታዲያ ድርጅቱ ከከተማው ወጣ ወዳለ ሰፈር ተዛወረ። ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ያወርዳታል፤ ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚያደርሳት አውቶቡስ ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አረፈደች። የድርጅቱ ባለቤት ቀልድ የማያውቁ ሴትዮ ናቸው፤ "ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈድሽ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ቆራጭ አቆማለሁ" አሏት። ያን ዕለት ምግብ ሳትነካ ስትቀመጥ አንጀቴን በላችው።

በማግሥቱ ግን እየበረረች ገባች።

"ታጥፎ ባቡር ውስጥ የሚገባ ብስክሌት አለ! አንዱ እግሩ ሥር ሸጉጦት አየሁ! አልነገርኩሽም?"

"መቼ ነገርሽኝ?"

"ይኸው አሁን!"

ባቡሩ ሙሉ ብስክሌት አያስገባም፤ ቤታችንም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፣ አሳንሰር የሚባል የለውም። ስለዚህ የሚታጠፍ ከሆነ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብዬ ነበር። እህቴ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የምትል ሴት ናት፤ ሳትለካ ምንም አትነካም። አንድ ብስክሌት ሻጭ ዘንድ ሄዳ የታጠፈውን ብስክሌት በሜትር ለካችው፤ ክብደቱን ጠየቀች። ከዚያ በዚያው ልክ ካርቶን ቆርጣ ሳጥን ሠራች፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ቁርጥራጭ ጨርቅም ጠቀጠቀችበት። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንን ጉድ ተሸክማ ሥራ ሄደች።

ባቡሩ ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪው፣ "እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?" ቢላት፣

"ብስክሌት።"

"የታለ?"

"ገና አልገዛሁትም።"

ሰውየው እስካሁን ሲያያት ራሱን ይነቀንቃል አሉ። ሳጥኑ ወንበር ሥር ገባ። ደረጃውን ሁለቴ አርፋ ወጣችው። መቁረጫው ጠረጴዛ ሥርም ልክክ አለ። ቤት ውስጥ ግን ከበሩ ጀርባ አልበቃ ሲል የእኔ የጫማ መደርደሪያ ተነሥቶ አልጋዬ ሥር ገባ። ማን አስፈቀደኝ? ማንም አላስፈቀደኝም።

ቅዳሜ ወደ ሻጩ ሄድን። ወንድማችንም አብሮን መጣ፤ ሠላሳ ዓመት ብስክሌት የጠገነ ሰው ነው፣ ታጣፊውን ግን "ጎማ የተገጠመለት ወንበር" እያለ ይቀልድበታል። እህቴን በቁመቷ ምክንያት ሸንበቆ ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። እሷ ደስታው እግሯን መሬት አላስረግጥ ብሏት ብስክሌቱ ላይ ወጣች፣ ፔዳሉን ረገጠች፣ ጉልበቷም መሪውን ጓ አደረገው። ደገመች። ጓ! መቀመጫው እስከ መጨረሻው ተስቦ እንኳ አጠራት።

ወንድማችን ከት ብሎ ሳቀ። "ባቡሩን ለካሽ፣ ደረጃውን ለካሽ፣ በሩን ለካሽ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ!"

እህቴ ቅስሟ ተሰብሮ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። "ዕድሜዬን ሙሉ ባለቤቱን ሳልለካ ልብስ ቆርጬ አላውቅም" አለች። "ራሴን ረሳሁት። በቃ፣ ጠረጴዛው ሄደ።"

ያኔ ወንድማችን መሳቁን ተወ። ሁልጊዜ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን ሜትር አወለቀና፣ "ተነሺ፣ ቀጥ በዪ" አላት። ደጃፉ ቀይ አፈር ላይ ተንበርክኮ ከወገቧ እስከ ተረከዟ ለካት። እሷ እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋት። የሰው ልክ ስትወስድ ኖረች እንጂ የሷን ልክ የወሰደ ሰው አልነበረም።

ወንድማችን ወደ ራሱ መጠገኛ ሱቅ ሮጦ ለመቀመጫው ረጅም ቱቦ ይዞ ተመለሰ። "ስታጥፊው ይሄን ነቅለሽ በእጅሽ ያዢው። አሁን ሞክሪ" አላት።

ሞከረች! ጉልበቷ ምንም አልነካም። መንገዱን ስትወርድ ከሠፈሩ ሰው ሁሉ ድምፅዋ ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ "ሄደ! ሄደ!" ትላለች፣ እሷ ሳትሆን ብስክሌቱ ብቻውን የሄደ ይመስል። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ጫማዬ ወለቀ።

ሰኞ ከባቡሩ ወርዳ ዘረጋችው፣ ቆሞ የቀረውን የአውቶቡስ ሰልፍ አልፋ ከነፈች። የድርጅቱ በር ላይ የደረሰችው ከሥራ ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድማ ነው። በሩ ተቆልፏል። መቆም አቃታትና ግቢውን ትዞረው ጀመር፤ አንድ ዙር፣ አምስት ዙር፣ አሥር ዙር። የድርጅቱ ባለቤት መኪናቸውን አቁመው አዩዋት።

"አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየጠበቅሁ ነው፣ እትዬ!"

ሴትየዋ ብስክሌቱን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ቁልፍ አወጡ። "እንግዲህ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ይክፈተው" አሉና እጇ ላይ አኖሩት።

ወዲያው ደወለችልኝ። "ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው! እኔ ነኝ የምከፍተው!" ትላለች፣ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቆ። ሃያ ዓመት ሙሉ የድርጅቱን በር ሰው ከፍቶላት ነው የገባችው። እኔም ሥራ ቦታዬ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ "ክፈቺዋ!" ብዬ ጮህኩ።