የወርቅ ጥርስ

ቅርንፉድ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ አንድ ጉንጩ አብጦ፣ ራሱን በነጠላ ጠምጥሞ፣ መስኮቱ ሥር ሲጽፍ ይታየኛል። ዛሬም ጠዋት እዚሁ ባሕር ዳር የጎረቤቴ ሻይ ሸቶኝ በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ቢቸና ተቀምጦ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ በየሳምንቱ የሚጽፍ ዓምደኛ ነበር። ጽሑፉን ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል፤ ጋዜጣው ከቀናት በኋላ በዚያው አውቶቡስ ይመጣል። ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ስለገባ ዓምዱ ሰምና ወርቅ አያጣም፤ ስለ ዶሮ የጻፈ መስሎ ግብር ሰብሳቢውን ይሸነቁጣል። አገሩም ይህን ያውቃል። ጋዜጣው ሲደርስ ሰው ሱቁ በረንዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አባቴን ቅኔ ያስተማሩት የኔታ መሐል ይቀመጡና የተደበቀውን ወርቅ ፈልቅቀው ያወጣሉ። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር።

አንድ ክረምት አባቴን የጥርስ ሕመም ያዘው። ቅርንፉድ ነክሶ ሰነበተ። ሌላ ሐሳብ አልመጣ ስላለው ስለዚያው ጥርሱ ጻፈ። «ብዙ የበላ የፊት ጥርስ ነው፤ አሁን ግን ነቅዟል። ከሥሩ ካልተነቀለ ጎረቤቱንም ይጨርሳል» ይላል። ጽሑፉን ለሹፌሩ ሰጠና በግንደወይን አድርጎ ሞጣ ሄዶ ጥርሱን አስነቀለ።

ያን ሰሞን ከወረዳው ሹሞች አንዱ የገበሬውን ማዳበሪያ ሸጦ በላ ተብሎ ይታማ ነበር። ጋዜጣው በረንዳው ላይ ሲነበብ እንደ ወትሮው የሳቀ ሰው አልነበረም። የኔታ እንዲደገም አዘዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «አይ ልጄ! ይህን የሚያህል ድፍረት!» አሉ።

ከሞጣ የተመለሰው አባቴ ወሬውን ሰምቶ ሮጦ ደረሰ። «የኔታ፣ ጥርሴን ነው እኮ!»

«እንዴታ ጋሼ! ጥርስዎን ነው እንጂ» አለ ባለሱቁ፣ ዓይኑን እየጠቀሰ። አባቴ በማለ ቁጥር ወርቁ ይበልጥ አበራላቸው። የኔታን ለብዙ ዓመት ጠልቻቸዋለሁ። አባቴን እንደሳቸው የወደደው አልነበረም፤ ጉዱን ያመጣው ግን ያ ፍቅር ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰው እጁን አጥብቆ ይጨብጠውና ቶሎ ይለቀዋል። ጓደኞቼ ቤታችን መምጣት ተከለከሉ። አንዲት ነጭ መኪና ከደጃችን ማዶ ሞተሯን ሳታጠፋ ትውል ጀመር። እናቴ መስኮቱን ብትዘጋውም ድምፁ ይገባል፤ እንጀራ ስንቆርስ እንኳ እሱን እናዳምጣለን።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድምፁ ጠፋ። ሁለት ሰዎች ገቡ፤ ትሑቶች ነበሩ፣ ጫማቸውን ሳይቀር ጠርገዋል። «ጋሼ፣ ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሉ። አባቴ አፉን ከፍቶ ባዶውን ድድ አሳያቸው። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በጥሞና አየው።

«ሰሙን አየነው፤ ወርቁን እዚያ ይነግሩናል» አለ። እሱም የቅኔ ቤት ልጅ ኖሯል።

አባቴ የተመለሰው ጤፍ ሲታጨድ ነው። ሰውነቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ምን እንደጠየቁት አልነገረንም፤ እኛን የሚያዳምጥበት ጆሮ ግን ሌላ ሆነ። እናቴ «ሻይህ ቀዘቀዘ» ብትለው፣ «ማንን ነው ቀዘቀዘ የምትይው?» ይላታል። ጋዜጣው እንዲጽፍ ጠየቀው። ስለ ዝናብ ጀመረና ሰረዘ፤ ስለ መንገድ ጀመረና ሰረዘ። «ይቺስ ሌላ ነገር ትመስላለች?» ብሎ እያንዳንዷን መስመር ያነብልኛል። አትመስልም እለዋለሁ፤ አያምነኝም። በመጨረሻ ዓምዱን ተወው።

አሁን አርጅቷል። ባለፈው እሑድ ደወልኩለት። በቤታችን እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም፣ ግን አምልጦኝ፣ «አባዬ፣ ናፍቀኸኛል» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አለኝ።