የሊውል እጮኛ

አገር ቤት ቢሆን ሰርፀን ማንም እንዲህ አያደርገውም ነበር። መርዶ ወግ አለው። ሰው በጠዋት ተሰባስቦ በር ያንኳኳል፣ ሐዘንተኛውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ነው የሚነግሩት። ላስ ቬጋስ ያለውም ሐበሻ ቢሆን ይህን ወግ አልተወም፤ እንዲያውም አጥብቆ ይዞታል። ግን ለማን መርዶ እንደሚነገር መታወቅ አለበት፤ ሰርፀ ለሊውል ምኑ እንደሆነ ደግሞ ከሊውል እህት በቀር የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም።

እናም ሰርፀ የሊውልን ሞት የሰማው ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሽሮ ሲመርጥ ነው። ባለፈው ቀን ጠዋት ተኳርፈው ነበር፤ ሊውል ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ስልኩን አላነሳም፣ ቤትም አልገባም። «አኩርፎ እህቱ ጋ አድሯል» ብሎ ሽሮ ሠርቶ ሊታረቀው ነው የመጣው። ታክሲ ነጂው ጋሽ ገብረጻድቅ የታሸገ ውሃ በጋሪ እየገፉ መጡና «አንተ ልጅ፣ ለቅሶው ጋ አልሄድክም እንዴ?» አሉት።

«የምን ለቅሶ ጋሼ?»

«የሊውል ነዋ! ትናንት ሺፍት ላይ እያለ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉ። ሩምሜትህ አይደል እንዴ?» አሉና ፊቱን አዩት። «ውይ አፌን በቆረጠው! አልሰማህም?»

ጋሽ ገብረጻድቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሁንም ድረስ በዚያ ነገር ራሳቸውን ይረግማሉ። ግን ምን ያድርጉ፣ የቤት ተጋሪው፣ ሩምሜቱ ነው የተባሉት። ሰርፀም «አዎ፣ ሩምሜቴ ነው» ብሎ ሽሮውን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሁለቱ የተገናኙት ዳውንታውን፣ ከፍሪሞንት ጎዳና ጀርባ፣ ሲሳይድ፣ ትርጉሙ ባሕር ዳርቻ፣ የሚባል የጌይ ክለብ ውስጥ ነው። ባሕር በሌለበት በረሃ መሀል ባለቤቱ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶ፣ የዓሣ መረብ ሰቅሎ፣ በሩ ላይ አሸዋ አፍስሶ የባሕር ዳር ከተማ ነው ይላል። ሰርፀ እዚያ መጠጥ ቀጂ ነው። አንድ ቀን ሎሚ ሲቆርጥ ጣቱን ቆረጠና «ውይ ጣቴን!» አለ። ባንኮኒው ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ «እኔን!» አለው። ሊውል ነበር። እሱ ራሱ ባለው ነገር ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። በዚያ ቤት ስንት ቋንቋ ይነገራል፤ ሰርፀን ግን «እኔን» ያለው ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም።

አምስት ዓመት ሆናቸው። ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ አፓርትመንት ተከራይተው ኖሩ። ክለቡን በመሀላቸው «ሲሳይ ቤት» ይሉታል። ሊውል እሁድ እሁድ እናቱ ስትደውል «ሲሳይ ቤት ነኝ እማዬ» ይላታል፤ እሷም ሲሳይ የሚባል ደግ ጓደኛ አለው ብላ «ሲሳይን ሰላም በልልኝ» ትላለች። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ስለ ሰርፀ ደግሞ ሊውል ለእናቱ ሁሉንም ነግሯታል። እውነቴን ነው፣ ሁሉንም! «ይወደኛል» በማለት ፈንታ «ትወደኛለች» አለ እንጂ ሌላው አንድም ውሸት የለበትም። እጮኛ አለችኝ፣ መስተንግዶ ነው የምትሠራው፣ ሽሮዋ እጅ ያስቆረጥማል፣ ስትስቅ ጎረቤት ትቀሰቅሳለች። ስልኩን ዘግቶ ወደ ሰርፀ ዞር ይልና «አንቺ፣ እማዬ ሰላም ብላሻለች» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር።

ከዚያ እናቱ፣ ወይዘሮ ስጦታ፣ አምና የሴት ልጇን የራሄልን ልጆች ልታሳድግ ሮድስ ራንች ወደሚባለው የታጠረ ሰፈር መጣች። እጮኛዪቱን ካላየሁ አለች። ሊውል ሥራ በዝቶባታል፣ አሟታል፣ አይን አፋር ናት እያለ ዓመቱን ገፋው። የመጨረሻው ጠብ የዚህ ነበር። ሰርፀ «መቼ ነው እኔም ሰው ሆኜ እናትህ ቤት የምገባው?» አለው። ሊውል ጫማውን እያሰረ «ፋሲካ ይለፍ» አለ። «አምናም ፋሲካ ነበር!» ብሎ ሰርፀ በሩን ላዩ ላይ ዘጋበት። ሰላም ዋል ሳይለው።

ከሱቁ ፓርኪንግ ለራሄል ደወለላት። ገና ድምፁን ስትሰማ አለቀሰች። «ልደውልልህ ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ጠፋኝ። ና ሰርፀ፣ ግን እንደ ሰው ና፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ። እማዬ ልጇን አጥታ ሌላ ነገር አትችልም። አደራ!»

እንደ ሰው ና! እስቲ አሁን ይህ ለሐዘንተኛ የሚባል ነው? ሰርፀ ግን «እሺ» አለ። አደራ ከተባለ ምን ይላል።

የሮድስ ራንች በር ጠባቂ ስሙን ጠየቀውና «ፋሚሊ ነህ ወይስ ጌስት?» አለው። «ጌስት» አለ።

ወንዶቹ ራሄል ቤት የመኪና ማደሪያ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰርፀ ከጥግ ወንበር ያዘ። አንዱ «ምስኪን፣ ሳያገባ ሳይወልድ» አለ፤ ሌላው «ይችን ዓለም ሳያያት» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ሰርፀ እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ ተነስቶ ውሃ ማደል ጀመረ። ለገባው ሁሉ ውሃ ሰጠ። ሰዉ «ተባረክ፣ ምን ዓይነት ጓደኛ ነው» አለው። እሱን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ያለው ግን የለም። እሱ የፈለገው ይችን ቃል ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ፣ በቀጥታ፣ ለእሱ።

ውሃውን ይዞ ሳሎን ሲገባ ወይዘሮ ስጦታ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ነህ የልጄ ጓደኛ? ሲሳይ?»

ራሄል ከኩሽናው በር ላይ ደርቃ ቆመች።

«አዎ እማማ» አለ ሰርፀ ተንበርክኮ። «ሲሳይ ነኝ።»

«እሁድ እሁድ አንተ ቤት ነበር የሚደሰተው። ድምፁ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።» እጁን ያዘችው። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትደብቀኝ። እጮኛ ነበረችው። ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆና ቀረች? ከትናንት ጀምሮ በሩን እያየሁ ነው። ሴት በገባች ቁጥር እሷ ናት እላለሁ። ለቅሶ እንኳ አትደርስም? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት? ልጄ በእሷ ምሎ አይጠግብም ነበር፤ ለካስ ለድንጋይ ነው!»

ሰርፀ ተሰደበ፤ በሴት ጾታ ተሰደበ። «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ራሄልን አየ፤ ራሄል አይኗን ጨፍናለች። ሰርፀም ያችን ቃል ዋጣት።

«አትቀየሟት እማማ» አለ። «ትወደዋለች። እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው። የመጨረሻ ቀን ተጣልተው ነበር፣ ሰላም ዋል ሳትለው ወጣ። ያ ነገር ገድሏታል። ዛሬ ቆማ መሄድ አቅቷት ነው።»

የወይዘሮ ስጦታ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ውይ እኔን!» አለች። «እኔን ልጄን! እህል ቀምሳለች?»

«አልቀመሰችም።»

«ሰው አለ ከጎኗ?»

«ማንም የለም።»

«ራሄል! ምግብ ቋጥሪ» ብላ ተጣራች። ራሄል በፎይል ጠቅልላ ስታመጣ እናትየዋ ተቀብላ ሰርፀ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «በል ሂድላት። የሊውል እናት እግዚአብሔር ያጽናሽ ብላሻለች በላት። ሰላም ዋል ባትለውም ያውቃል፤ ልጄ ቂም አያውቅም በላት። ይኸን ቁጭ ብለህ አብላት፣ ትቼላት መጣሁ እንዳትለኝ።»

«እነግራታለሁ» አለ ሰርፀ። ጉልበቷን ሳመ። ጉልበቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሰዉ ምን ዓይነት የተቀጣ ልጅ ነው አለ።

ጋራዡ ጋ ጋሽ ገብረጻድቅ ያገኙት ፎይሉን ይዞ ሲወጣ ነው። «ለማን ነው?» አሉት።

«ለሊውል እጮኛ።»

«እሷ ሴትዮ!» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ፣ የሰዉ ሐሜት ደርሷቸው ኖሮ። «አንድ ጊዜ ብቅ ብትል ምን አለበት?»

«መጥታ ነበር ጋሼ» አለ ሰርፀ። «ውሃ ስታድል ነበር።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሐዘን ያቃዠዋል ብለው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ሰርፀ መኪናውን ከሰፈሩ በር ውጪ ጥግ አስይዞ ፓርክ አደረገ። ፎይሉን ፈታ። እንደታዘዘው ቁጭ ብሎ፣ እያለቀሰ፣ እስኪያልቅ አበላት።