ሦስት ስፔድ

ወንድሜን ጋራዡ ውስጥ "ቀስ በቀስ" ነው የሚሉት፣ በስሙ የሚጠራው የለም። እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ እንኳ ብረት ሳይዝ ይደርሳል፤ ፍሬን ሲይዝ አይታወቅም። "እንቁላሉ መቼ ነው በእግሩ የሚሄደው?" እያሉ ይቀልዱበታል። "ሲደርስ" ብሎ ያልፋቸዋል። ነገር አይወድም፤ ነገሩን ሁሉ የተወው ለእኔ ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ እዚያው ጋራዥ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። አፏ ከመርፌዋ ይብሳል ይሉኛል። ይበሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሠራተኛው ክበብ ብሪጅ የሚባል የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። እኔና ወንድሜ በአንድ ወገን፣ የስምሪት ኃላፊውና የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ በሌላው። የማያውቅ ሰው ካርታ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ብሪጅ ግን ከጓደኛህ ጋር ሳታወራ የምትነጋገርበት ነው። መጥቀስ የለ፣ ማሳል የለ፤ ቋንቋህ ጨዋታው ሳይጀመር በየተራ የምትጠራው ጥሪ ብቻ ነው። እኔ "አንድ ስፔድ" ካልኩ ስፔድ የሚባለው ጥቁር ካርታ በእጄ በርከት ብሏል ማለት ነው። እሱ "ሁለት ስፔድ" ካለኝ "እኔም ሦስት አለኝ፣ ከኋላሽ ነኝ" ማለቱ ነው። "ሦስት ስፔድ" ብሎ ከዘለለ ደግሞ "አራት አለኝ፣ እጄም ጠንካራ ነው፣ ግፊበት" ነው። ድጋፍ እንለዋለን። ጥሪው ሲያልቅ ደጋፊው ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ገልጦ በየዓይነቱ ይደረድራል፣ የሁለታችንንም እጅ እኔ እጫወታለሁ። ስለዚህ በድጋፍ የዋሸ ሰው እዚያው ይጋለጣል። ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ "ሁለት ስፔድ" ብሎ ሲደረድር ከስፔዱ መሃል አበባ የምንለውን ሌላ ዓይነት ሁለት ካርታ አስቀመጠ። ስፔድም አበባም ጥቁር ናቸው፣ ቅርጻቸውም ለቸኮለ ሰው ይምታታል። "እጁ ቸኮለ፣ ዛሬስ እንቁላሉ ሮጠ" አልኩና ነገሩን ሳቅ በሳቅ አደረግኩት። ግን ይሄ ሰው ቸኩሎ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ያዝኩት።

"ዓይንህ ምን ሆነ?"

"ጭጋግ ነው፣ እታለም። መጀመሪያ ግራው ነበር። አሁን ሁለቱም።"

"ሐኪም አላየህም?"

"አየኝ። አይመለስም አለኝ።"

"ታዲያ እንዴት ነው የምትነዳው?"

"መስመሬን በቃሌ አውቀዋለሁ። መብራቱን ትኬት ቆራጩ ይነግረኛል።"

"ካርታውንስ እንዴት ትጠራለህ?"

"አንቺ ስፔድ ካልሽ እኔም ስፔድ እላለሁ። ምን ልበል? አንቺ ጠራሽ፣ እኔ አለሁ አልኩ።"

ያን ጊዜ ቁጣዬ ገነፈለ። የሰው ነፍስ ጭነህ በቃልህ ነው የምትሄደው ብዬ በመንገደኛው ፊት አወረድኩበት። እሱ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ "ጡረታዬ ሊደርስ ነው። ልጆቹ ገና ተማሪ ናቸው፣ ታውቂያቸዋለሽ። እስከዚያ ዝም በይልኝ፣ አፈር ስሆን" አለኝ። እሺም እምቢም አላልኩ። እሱ እሺ ብላለች ብሎ ያዘው።

ያን ሳምንት ሥራ አልሠራሁም ብል ይቀላል። የአውቶቡስ ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር መርፌው ጣቴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ብናገር የወንድሜ ቤት ይፈርሳል፤ ዝም ብል የማላውቀው ሰው ቤት ይፈርሳል። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

ቅዳሜ ደረሰ። የስምሪት ኃላፊው ካርታውን እየበወዘ፣ "ቀስ በቀስ፣ ከሰኞ ጀምሮ የተማሪዎቹ መስመር ላይ መድቤሃለሁ። ከአንተ ሌላ ልጆቹን ለማን አምኜ እሰጣለሁ?" አለው።

የተማሪዎቹን መስመር በቃሉ አያውቀውም። አልችልም ይበል ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አለ ወንድሜ።

ካርታው ታደለ፤ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነበርኩ። "አንድ ስፔድ" አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ፓስ ብለህ እለፈኝ፣ አላይም በለኝ ብዬ በሆዴ ለመንኩት። ካርታዎቹን አፍንጫው ድረስ አስጠጋቸው።

"ሦስት ስፔድ" አለ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። ደንባችን ነው፤ ተጋጣሚ የጥሪውን ትርጉም ከጠየቀ የሚመልሰው የጠራው ሳይሆን ጓደኛው ነው፣ የሚመልሰውም እውነቱን ነው።

"ምን ማለቱ ነው?"

"አራት ስፔድ አለኝ፣ እጄም ጠንካራ ነው ማለቱ ነው" አልኩ።

ጥሪው አለቀ፣ ወንድሜ ካርታውን ደረደረ። በስፔዱ ረድፍ ስፔድ አንድ ብቻ ነበር። ሌላው አበባ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ሳቀች። ኃላፊው አልሳቀም።

"ይሄ ምንድነው?"

"እጄ ቸኮለ" አለ ወንድሜ። ያቺ የእኔ ውሸት ናት፤ አስቀምጧት ኖሯል።

"እውነቱን ነው?" አለኝ ኃላፊው። "ቸኩሎ ነው?"

ወንድሜ ፊቱን ወደ እኔ አቅጣጫ አዙሮ ጠበቀ። ዓይኖቹ እኔ ላይ አልነበሩም፣ ከትከሻዬ አልፈው ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። አዎ ብል ሁላችንም ስቀን እንቀጥል ነበር። ሰኞ ደግሞ ልጆቹ ይሳፈሩ ነበር።

"አያይም" አልኩ። "ዓይኑ ጠፍቷል። አውቶቡሱን አትስጠው።"

ወንድሜ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከኪሱ የአውቶቡሱን ቁልፍ አውጥቶ ከካርታዎቹ መሃል አኖረው። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ አነሳው።

ስንወጣ ገና ፀሐይ ነበረች። "ይቅር በለኝ" አልኩት። "ልጆችህ ልጆቼ ናቸው፣ ያለችኝን አብረን እንበላለን" አልኩት፣ አልመለሰልኝም። ንዴት ያዘኝና "አንዱን ልጅ ብትገጭስ?" አልኩት።

መኪና የሚበዛበት ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ቆመ። ዕድሜ ልኩን ሲሻገረው የኖረ መንገድ ነው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ እንደገና ወደ ግራ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ክንዴን በዳበሳ ፈለገና ያዘው። ተሻገርን። እስከ ቤቱ በር ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰልኝም፣ ክንዴንም አልለቀቀም።