ሌባ በዝቷል የተባለ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከሥራ ስትመለስ መሃል ከተማ ላይ ስልኳን ከእጇ ነጠቋት። እያለቀሰች ገብታ፣ "አባዬ፣ ይቺ ከተማ ድሮም እንዲህ ነበረች? በእኛ ጊዜ በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር ትሉ የለም እንዴ?" አለችኝ።

እንላለን። የእኔ እኩዮች ስንሰበሰብ መሃል ከተማው ከፋ፣ አላስወጣ አላስገባ አለ ይባላል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ያን ዕለት ግን አንገቴ እሺ አላለኝም። አስቀመጥኳትና ለማንም ዘርዝሬ ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት።

ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ከገጠር መጥቼ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንድ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ተቀጥሬያለሁ። የምኖረው አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግቢ ውስጥ፣ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ነው። እትዬ እላቸው ነበር። በየማለዳው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው ከአጥማጆቹ ዓሣ ያመጡና ሰፈር ውስጥ ይሸጣሉ። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ስለቀሩ ቁጣቸውን ሁሉ ለእኔ አዋሉት፤ ቁርስ ሳትበላ፣ ያለ ሹራብ፣ በዚህ ፀሐይ እያሉ። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ የምልከውን ፎቶ ከፎቶ ቤት ላመጣ ስወጣ፣ እትዬ ከሐይቁ ሲመለሱ በር ላይ ተገናኘን።

"ወዴት ነው?"

"መሃል ከተማ፣ ፎቶዬን ላመጣ።"

ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ተው ልጄ፣ ዛሬስ አትውረድ። መሃል ከተማ ሌባ በዝቷል አሉ።"

"እጠነቀቃለሁ፣ እትዬ።"

ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ የቀበሌ ጥበቃ በአጥሩ በኩል አለፈ። ወዲያው ስለ ዓሣው መወደድ ማውራት ጀመሩ። እኔም የሴት ፍርሃት ነው ብዬ ሄድኩ።

ኪሴን በእጄ ጨብጬ ነው የተጓዝኩት። የሚጋፋኝ ሌባ ቀርቶ የሚጋፋኝ ሰው አልነበረም። ሴቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ጋሪዎች ያልፋሉ፤ በቅዳሜ ገበያ እንደ እኔ ያለ ጎረምሳ አንድም አይታይም። ይህን ያስተዋልኩት እንኳ በኋላ ነው።

ገበያው ጥግ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ፊቴን አይታ የማን አገር ልጅ እንደሆንኩ አወቀች መሰለኝ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ በሲዳምኛ፣ "አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው የምትሄደው? ሌቦቹ ሲኒማ ቤቱ ጋ ናቸው" አለችኝ።

"ኪሴን ይዣለሁ፣ እናቴ" አልኳት።

ሴትዮዋ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ የጨነቃት መሰለች። "ኪስህን ማን ፈለገው! የሚሰርቁት አንተን ነው!"

ያኔ ገባኝ። አፈሳ ነበር። ወጣት ከየመንገዱ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል፤ ቃሉን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። እናቶች ሌባ ይሉታል፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀዋል።

የመኪና ድምፅ ተሰማ። መሮጥም መቆምም አቃተኝ። ከመንገዱ ማዶ የጨርቅ ሱቅ አለ። ነጭ ቆብ ያደረጉ አረጋዊ በሩ ላይ ቆመው፣ የሚያውቁኝ ይመስል፣ "አንተ፣ ጨርቁን አታነሳም እንዴ? ና ግባ!" ብለው ጮሁብኝ። ገባሁ። ከባንኮኒው ሥር አስተኙኝና አቡጀዴውንም ካኪውንም ከነጣቃው ከመሩብኝ። "አትተንፍስ" አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ኮቴ ሰማሁ።

"አባባ፣ ወጣት ገብቷል?"

"ያለው ጨርቅ ነው። ግቡና እዩ።"

አንዱ ገባ። በጣቃዎቹ መሃል ጫማውን አየሁት፤ ወደ ባንኮኒው ዞረ። አንድ እግሬ ወጥቶ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ጎንበስ ሲል ፊቱን አየሁት፤ በእትዬ አጥር በኩል ያለፈው ያ ጥበቃ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን የአንዱን ጣቃ ጫፍ ሳብ አድርጎ እግሬን ሸፈነልኝ፤ ቀና አለና፣ "የለም! ባዶ ነው!" ብሎ ወደ ውጭ ጮኸ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ተኛሁ። የነጋዴው ባለቤት ከጓዳ ዳቦና ሻይ አመጡልኝ፤ ከጨርቁ ሥር እንደተኛሁ ብርጭቆውን እሳቸው ያዙልኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ከዚያ የማውቀው ቁጣ ከበሩ ተሰማ፤ እትዬ ናቸው። ሙዝ ሻጯ ነግራቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዓሣቸውን ጥለው ሱቅ ለሱቅ ሲፈልጉኝ ውለዋል።

"አልነገርኩህም? አልነገርኩህም ወይ?" እያሉ ትከሻዬን ደጋግመው መቱኝ፤ ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ።

ጋሪ ጠሩ። አስተኝተው በጋቢ ሸፈኑኝና ለጠየቀን ሁሉ "ልጄን ወባ ይዞብኛል" እያሉ አዲስ ከተማ አደረሱኝ። መንቀጥቀጡን አስመስል አላሉኝም፤ ራሱ መጥቶልኝ ነበር። ባለ ጋሪው ከጥበቃዎቹ ፊት ስንደርስ ፈረሱን ጠንከር አድርጎ ገረፈው።

ሁሉም ሰው የጨርቅ ሱቅ አልተከፈተለትም። ከጎረቤታችን ግቢ አንድ እኩያዬ በዚያው ጠዋት ታፍሶ ሄደ። አልተመለሰም። እናቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሁልጊዜ ጉንጬን ይስሙኛል፤ አንድም ቀን አንተ ለምን ተረፍክ አላሉኝም። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ልጄ ሰምታ ስትጨርስ፣ "ታዲያ ዛሬ ይሻላል ማለት ነው?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ አላውቅም። ዛሬ ስልክ የሚነጥቅ አለ፤ ያኔ ልጅ የሚነጥቅ ነበር፤ በር ሳይዘጋ የታደረውም መንግሥት እንደፈለገ ስለሚገባበት ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ያተረፈኝ ያ የሚፈራው መሃል ከተማ ራሱ ነው። እሷም ስልኳ ሲነጠቅ ሊስትሮ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን ይዛ እንዳረጋጋቻት፣ ታክሲ እስክትገባም አብራት እንደቆመች ነገረችኝ። ይህን እያለቀሰች ቤት ስትገባ አልነገረችኝም ነበር።

የጨርቅ ነጋዴው ሲሞቱ ከልጆቻቸው ጋር ቃሬዛቸውን ተሸክሜያለሁ። እትዬ የመጨረሻ ዓመታቸውን እኔ ቤት ነው ያሳለፉት፤ እስኪሞቱ ድረስ ሲቆጡኝ ኖሩ። ጥበቃውን ግን መንግሥት ሲለወጥ አጣሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ጓሮ እያለማ ይኖራል ሲሉኝ፣ ስኳርና አዲስ ጋቢ ይዤ ሄድኩ። ሸምግሏል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ያን ቅዳሜ፣ የጨርቅ ሱቁን፣ ከጣቃው ሥር የወጣውን እግሬን ነገርኩት።

ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ። ሊያስታውሰኝ እንደሚጥር ያስታውቃል።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለኝ በመጨረሻ፤ "አንተ የትኛው ነህ?"