የስድስተኛው ገጽ ድምፅ

ከኔ ክፍል አጠገብ የምታስተምረውን ሴትዮ ተማሪውም መምህሩም "ቶሎ በሉ" ነው የሚላት፤ ፊት ለፊቷ ባይሆንም። ሰባት ልጆች አንድ ገበታ በሚሻሙበት ቤት ነው ያደገችው፤ ዛሬም ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። ክፉ አይደለችም፣ ኧረ በጭራሽ! የልጆቹን ንፍጥ በራሷ መሐረብ ትጠርጋለች፣ እርሳስ ለጠፋበት ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጣለች። ግን ልጁ አፉን ሳይከፍት መልሱን እሷው ትመልስለታለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ "ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!" ስትል እሰማለሁ፤ አንዳንዴ የኔም ልጆች አብረው ይቸኩላሉ።

ዘንድሮ ልጆች ተረት የሚሠሩበት ድረ ገጽ አገኘችና በደስታ አበደች። ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ ሥዕል ይመርጣሉ፣ ከሥሩ ይጽፋሉ፣ ከዚያ የጻፉትን በገዛ ድምፃቸው አንብበው ይቀዳሉ። ገጹ ሲገለጥ ድምፁ ይሰማል። ክፍሉ በሙሉ አንድ ተረት ሠራ፣ አውቶቡስ ስለተሳፈረች አህያ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ደረሰው። ለወላጆች ቀን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሊታይ ነው ተባለ።

ስድስተኛው ገጽ የአንዲት ቀጭን ልጅ ነበር፣ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ። ስትናገር ያንተባትባታል። የጻፈችውን ግን ብታዩት! ሹፌሩ አህያዋን "መቀመጫ የለም" ሲላት፣ እሷ ደግሞ "ግድ የለም፣ እኔ ቆሜ ነው የምተኛው" ትለዋለች። ሳነበው ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ። ልጅቷ ዕቃ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ደጋግማ ስትሞክር ቆይታ በመጨረሻ ቀዳችው። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው ያለችው፤ አባቷ በስልኩ ቀድቶ ሊልክላት ቃል ገብቷል። "እ-እ-እማዬ ስትሰማው ትስቃለች" አለችኝ ኮሪደር ላይ፣ ዓይኗ እየበራ።

ቶሎ በሉ ሰማችው። የሌሎቹ ወዲያው ያልቃል፣ የሷ ግን ይቆያል።

"ወላጅ ይሰለቻል። ደግሞ ልጅቷን መሳቂያ ማድረግ ነው" አለችኝ።

"ተያት እባክሽ፣ ቢቆይስ ምን አለበት?" አልኳት።

ማን ሰምቶኝ! በእረፍት ሰዓት አንዷን ቀልጣፋ ልጅ ጠርታ ገጹን አስነበበቻት። ያ ድረ ገጽ ደግሞ ለአንድ ገጽ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አዲሱ ሲገባ የፊተኛው ይጠፋል። ጠፋ።

በወላጆች ቀን እኔም እዚያው ክፍል ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አባትየው የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከሥራ አስፈቅዶ መጣ። ያ የሚያህል ሰውዬ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። አምስተኛው ገጽ ሲያልቅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ። ስድስተኛው ተገለጠ። ጥርት ያለ፣ የማይደናቀፍ ድምፅ ወጣ። "ቆሜ ነው የምተኛው" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው አልሳቀም። ስልኩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ልጁን አየ።

"ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

"ኢንተርኔቱ ነው!" አለች ቶሎ በሉ ካፉ ነጥቃ። "ኢንተርኔቱ አቀያይሮት ነው።"

ዓይኗን በጨው አጥባ! እኔ በሷ ፋንታ አፈርኩ። ብድግ ብዬ "ውሸት ነው" ልል ስል ልጅቷ ቀደመችኝ። ለካ ያን ቀን በእረፍት ሰዓት በመስኮት ሁሉንም አይታለች፤ አይታ ለማንም አልተነፈሰችም።

"አ-አ-አዎ አባዬ፣ ኢ-ኢ-ኢንተርኔቱ ነው" አለች።

ቶሎ በሉ ክው አለች። ልጅ ስትዋሽላት! ፊቷ ቀላ፣ ወላጆቹ አፍጥጠው ያዩዋታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"የለም፣ እኔ ነኝ" አለች መጨረሻ ላይ። "እኔ ነኝ በሌላ ልጅ ያስቀየርኩት። የሷ ጠፍቷል።"

"ለምን?" አለ አባትየው።

"ረዘመብኝ።"

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቶሎ በሉ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች።

"ነይ የኔ እናት፣ እንደገና እንቅዳው። የፈለግሽውን ያህል ይቆይ። ሁላችንም እንጠብቅሻለን።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

"ግ-ግ-ግድ የለም ቲቸር፣" አለቻት፣ "የ-የ-የሷ ይሁን። ቶ-ቶ-ቶሎ ያልቃል።"

ወላጆቹ ከሄዱ በኋላ ልኳን ልነግራት፣ የልቤን ልናገራት ነበር የገባሁት። የልጆቹ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ፣ ስድስተኛውን ገጽ እየዘጋች መልሳ ትከፍተዋለች። በከፈተችው ቁጥር የሚወጣው የዚያችኛዋ ልጅ ድምፅ ነው። ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ።